ሁለት ሪልና አንዲት የሁምቦ ፍየል

ዛሬ ሶዶ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ፍየል አጠመድኩ። መንገደኛው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጸኝ ነበር፤ ቪዲዮው ሳይደርሳችሁ ራሴ ልንገራችሁ።

የዛሬ ሳምንት ቤሌ ወርጄ፣ እዚያ ባለው የግድብ ሐይቅ ላይ መንጠቆዬ ትልቅ አምባዛ ያዘልኝ። ክሩን የምጠቀልልበት ሪል ግን እጄ ላይ ጥርሱ ተፈረካከሰ። ዓሣው ከነመንጠቆዬ ሄደ። "ሁለተኛ በመልክ አልገዛም" ብዬ የማልኩት ያኔ ነው።

ዛሬ ሱቁ ውስጥ ሁለት ሪል አገኘሁ። አንዱ ወርቃማ፣ የሚያብረቀርቅ፤ ሌላው ጥቁር፣ አቧራ የለበሰ፣ በግማሽ ዋጋ። ባለሱቁ ወርቃማውን በጣቱ እያሽከረከረ "ድምፁን ስማው እስቲ!" ይለኛል። ባዶውንማ የትኛውም ይሽከረከራል!

በዚህ መሃል አንዲት የሁምቦ እናት ፍየል ይዘው ሲያልፉ አየሁ።

"እማማ፣ ፍየልዎን ለአምስት ደቂቃ ያውሱኝ" አልኳቸው።

የሁለቱን ሪሎች ክር በየተራ ከፍየሏ ገመድ ጋር አሰርኩ። እሳቸው እየሳቁ የበቆሎ ቅጠል ይዘው ራቅ ብለው ቆሙላት።

ክሩን የሚይዘው የወርቃማው ፍሬን ጭራሽ አልያዘም፤ ክሩ ተተረተረና ፍየሏ ቅጠሏን በላች። በጥቁሩ ግን ትንሽ ሄደች፣ ቆመች፣ ዞራ ገላመጠችኝ። ቀስ እያልኩ ወደ እኔ ጠቀለልኳት።

ባለሱቁ አሁንም ወርቃማውን ያሽከረክራል። እማማ ግን "ጥቁሩን ውሰድ ልጄ" አሉኝ። "ይቺ ፍየል እኔን ከሁምቦ እስከዚህ ጎትታ ነው ያመጣችኝ።"

ጥቁሩን ገዛሁ፤ ቅዳሜ ይዤው ቤሌ ነኝ። ያ አምባዛ ይጠብቀኝ!

እናንተስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት በምን ፈትናችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አታስቁብኝ።