የማልሱን የተራራ ውርርድ

ማልሱን በቴቤክ ተራራ ግርጌ ባለው ገበያ ዓሣ ስትሸጥ ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት። ተራራው ከመደቧ ፊት ለፊት ተገትሮ ሳለ አንድም ቀን ወጥታው አታውቅም። እንውጣ ባልኳት ቁጥር «እዚያ ላይ ዓሣ የሚገዛኝ አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። እኔ ቦክናም ከጎኗ በርበሬ እሸጣለሁ። ተራራ በመውጣት ግን በዚህ ገበያ የሚስተካከለኝ የለም። ቀይ ጃኬቴንና ሁለቱን ዱላዎቼን የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው።

ባለፈው ዓመት ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ፣ ልጇ ዩንሚ «መደቡን ዝጊና ሱዎን ከተማ መጥተሽ እኔ ጋ ኑሪ» እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቻት። ማልሱን ግትር ናት። አንድ ቀን እኔ እየሰማሁ በስልክ እንዲህ አለቻት፦ «በረዶው ሳይቀልጥ ቴቤክን ጫፉ ድረስ እወጣለሁ። ካቃተኝ መደቡን ዘግቼ እመጣለሁ። ከወጣሁ ግን ሁለተኛ ይህን ነገር አታንሺብኝ።» ዩንሚ ሳቀችና ተስማማች። ማልሱንን ያናደዳት ያ ሳቅ ነው።

በጥር አንድ ማለዳ ተነሣን። ጫማችን ሥር ባለ ጥርስ ብረት አሰርን፣ የገብስ ሻይ በፔርሙዝ ያዝን። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነን በረዶውን እያንኮሻኮሽን መውጣት ጀመርን።

በእኛ ተራሮች ላይ አንድ ደንብ አለ። የሚወርድ ሰው የሚወጡትን «አይዟችሁ፣ አሥር ደቂቃ ነው የቀራችሁ» ይላቸዋል። ሁለት ሰዓት ቢቀርም ያው አሥር ደቂቃ ነው። ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም፤ ለመንገደኛ እንደሚሰጥ ስንቅ ነው። እኔም በየጥምዝምዙ ይህንኑ ስንቅ ሳቀብላት ቆየሁ።

«የዩንሚ እናት፣ ደረስን እኮ። አሥር ደቂቃ ብትቀረን ነው።»

«ቦክናም» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «እኔ ዕድሜ ልኬን ‹ዛሬ ጠዋት የገባ ዓሣ ነው› ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ውሸት ልታስተምሪኝ ነው? ይልቅ መንገድ ልቀቂልኝ።» ብላ ቀደመችኝ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

ከዛፎቹ በላይ ስንወጣ ነፋሱ ፊታችንን ይጋረፍ ጀመር። ከጥንት ጀምሮ የተራራው ጫፍ ላይ ያለው የድንጋይ መሠዊያ ወለል ብሎ ታየ። ልክ እዚያ ላይ የግራ ብረቴ ማሰሪያ ተበጠሰና ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ቁርጭምጭሚቴ ተጠማዘዘ። ልቆም ብል አልሆነልኝም።

«አንቺ ውጪ» አልኳት። «መሠዊያው ይኸውልሽ። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።»

ማልሱን ወደ ላይ አየች። አሁን በእርግጥም የቀራት አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፊቴን አየችው።

«ከንፈርሽ ጠቁሯል። በዚህ ነፋስ ማን ቁጭ ይላል? ተነሺ።»

«ውርርዱስ?»

«ዝም በይና ክንድሽን አምጪ።»

የዓሣ ሳጥን ሲሸከም የኖረ ትከሻ ነው። ክንዴን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ በየመሐሉ «ይሄ ሁሉ ሥጋ በርበሬ ብቻ እየበላሽ ከየት መጣ?» እያለችኝ ታች ድረስ አወረደችኝ። ጉልበቷን አንዴም አመመኝ አላለችም።

ታች ደርሰን ምድጃ ዳር ስንቀመጥ ስልኳን አወጣች።

«ወጥቻለሁ በያት» አልኳት። «ምስክርሽ እኔ ነኝ።»

«ዩንሚ፣ አልደረስኩም» አለች ማልሱን። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «ያንቺ ውሸት ተራራ ለሚወጣ ሰው ነው የተፈቀደው። ዩንሚ ሶፋ ላይ ነው ያለችው።»

መደቧ በእኔ ምክንያት ሊዘጋ ነው ብዬ አለቀስኩ። እሷ ሻይ ቀዳችልኝ።

ቅዳሜ ዩንሚ ዕቃውን ልትጠቀልል ካርቶንና ገመድ ይዛ ከሱዎን መጣች። መደቡ ላይ ያገኘችው እኔን ነው፤ በፋሻ የተጠቀለለ እግሬን ባልዲ ላይ ሰቅዬ የእናቷን ዓሣ እሸጣለሁ።

«እትዬ ቦክናም፣ እናቴስ?»

በቢላዋው ወደ ተራራው አመለከትኩ።

«ብቻዋን?»

«ከማን ጋር ትሂድ? እኔን እንደምታዪኝ ነኝ። በረዶው ደግሞ አልቀለጠም።»

ልትቆጣኝ አፏን ስትከፍት ስልኳ ጠራ። የነፋሱ ጩኸት እኔ ድረስ ይሰማል።

«ዩንሚ» አለች ማልሱን፣ «መሠዊያው ጋ ቆሜያለሁ። አሁንስ ሳቂ እስቲ።»

ዩንሚ አልሳቀችም። ተራራውን ቀና ብላ ስታይ እንባዋ ወረደ።

«ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ እማዬ» አለቻት። «የሚያቻኩልሽ የለም፤ መደቡን እኔ እጠብቅልሻለሁ።»

ካርቶኖቹን በእግሯ ገፋ አደረገችና የእናቷን ሽርጥ አሰረች።