በሚካኤል ዕለት የተከመረው ሩዜ

ዛሬ ማሳዬን ነጭ የለበሰ ሰው ሞልቶት አየሁ። እስካሁን ይደንቀኛል።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የምትጽፈው ልጄ ናት። ባሕር ዳር ያለው ቢሮዋ ሥራውን በሳምንት አራት ቀን ስላደረገው ዛሬ ዓርብ ወረታ መጣች።

"ሥራውን ማን ሊሠራው ነው?" ብዬ ሳቅሁባት።

"አባየ፣ እናንተስ በየበዓሉ ታርፉ የለ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዛሬም ሚካኤል ነው፤ ማሳ አይገባም። ግን ያጨድሁት ሩዝ ሜዳ ላይ እንደተኛ ከጣና በኩል ደመናው ጠቆረ። ዝናብ ቢያገኘው የዓመት ቀለቤ ይበሰብሳል። በዓሉ ባይሆን ጧት ራሴ በከመርሁት ነበር፤ ይህን አልሸሽግም። በዓል ግን ሽሬ አላውቅም።

ቄሳችን ከቅዳሴ ሲወጡ ደመናውን አዩና "ነውሩ ለራስ መሥራት ነው፤ ለሽማግሌ መድረስ ጽድቅ ነው። እርስዎ ቁጭ ይበሉ" አሉኝ።

ሕዝቡ ነጠላውን ታጥቆ ገባ። ዝናቡ ሳይወርድ ነዶው ሁሉ ተከመረ። የሥራ ቀን ቢሆን ሁሉም በየማሳው ነበር፤ ማን ይደርስልኝ ነበር?

ለእኔ ቁጭ ማለቱ ከማጨዱ ከበደኝ።

ልጄም ነዶ ስትሸከም ውላ ወገቧን ይዛ ነው የምትጽፈው። በዕረፍቷ ከእንግዲህ አልስቅም።

እናንተስ፣ በዕረፍት ቀን ማን ደረሰላችሁ?