ባለ ሪዟ የሙሽሪት እናት

ነገሩ ከሆነ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ሞጣ ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ እሑድ ከሰዓት ነው፤ መንገድ ላይ ብቻዬን እንኳ ያስቀኛል።

ከሆሳዕና ከተማ ተመድቤ ሞጣ አስተምር ነበር። ከተማው መሀል አንድ አሮጌ የቆርቆሮ አዳራሽ አለ። መጀመሪያ የኪነት ቡድን ትያትር ያሳይበት ነበር፤ ቀጥሎ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆነ፤ ከዚያ ቪዲዮ ቤት፤ እኛ ጥቂት መምህራንና ሠራተኞች የትያትር ቡድን ስናቋቁም ደግሞ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኖ ጠበቀን። ትያትር እንሥራበት ብለን ስንለምን የከተማው ባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ "እስቲ አንድ ትያትር ሞክሩበት። ሰው ካልመጣ ማዳበሪያው ይመለሳል" አሉን።

የአዳራሹ ጥበቃ ጋሽ ይስማው ይባላሉ። ነጭ ሪዝ ያላቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሁለት ወር ስንለማመድ ከኋላ ተቀምጠው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ጸሎት የሚያደርሱ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን "ጋሽ ይስማው፣ ሰው ሲቀመጥ እንረበሻለን" አልኳቸው። "እሺ መምህር" ብለው ወጡና በመስኮት ያዩን ጀመር።

የትያትሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኃላፊውም ከፊት ተቀመጡ። የሙሽሪትን እናት የምትሠራው ነርስ ግን ዘመድ ልትጠይቅ ቢቸና ሄዳ አልተመለሰችም። ስደውልላት "መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ፣ አልደርስም!" ብላ አለቀሰች። ያለ እናትየዋ ደግሞ ትያትር የለም። ሕዝቡ ማፏጨት ጀመረ።

ይቅርታ ልጠይቅ ስነሣ ጋሽ ይስማው እጄን ያዙኝ።

"እናትየዋን እኔ እሠራታለሁ።"

"እርስዎ? ቃሉንስ?"

ሳይደናቀፉ አንበለበሉት። ለካ ጸሎት ያልኩት የእናትየዋ ንግግር ኖሯል!

"ሪዙስ?" አልኳቸው።

"ነጠላ ምን ሊሠራ ነው?"

ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ተከናንበው ወጡ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ነጠላው ተንሸራተተና ሪዙ ብቅ አለ። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው ጮኹ።

"ኧረ ይስማው! አንተ ዛሬም ሙሽራ ነህ?"

አለቀልን አልኩ። ጋሽ ይስማው ግን ወገባቸውን ይዘው ዞሩና በቀጭን ድምፅ፣

"ምን ሆነሻል እቴ! እኔማ ድሮ ተዳርኩ፤ ዛሬ ልጄን ልድር ነው የመጣሁ!" አሏቸው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እልልታው ቀለጠ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ይስማው አንዲት ቃል አልሳቱም። ልጃቸውን ሲሸኙማ ያ ሲስቅ የነበረ ሕዝብ ዓይኑን ያብስ ጀመር።

ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። በኪነቱ ዘመን ሴት ልጁን ለመድረክ የሚሰጥ ወላጅ ስላልተገኘ፣ ሙሽራዋን ሆነው የሚጫወቱት እሳቸው ነበሩ። ቡድኑ ሲበተን ከአዳራሹ ላለመለየት ብለው ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ማን ጠየቀኝ?" አሉና ቀሚሱን ማውለቅ ቀጠሉ።

ለማዳበሪያው ሌላ ቤት ተፈለገለት። ነርሷም ስትመጣ ቦታዋ ተይዞ አገኘችው፤ ሕዝቡ ሌላ እናት አልቀበልም አለ።

እኔ ከሞጣ ከተዛወርኩ ቆየሁ። እኒያን ሰው ከገዛ ቤታቸው ማስወጣቴ አሁንም ያሳፍረኛል። ታዲያ ከዚያ ወዲህ አዲስ ቦታ በተመደብኩ ቁጥር፣ ከአለቃው በፊት የምተዋወቀው ከጥበቃው ጋር ነው።