አሥራ አምስተኛው ደብዳቤ

ባለፈው ወር በቸርችል ጎዳና ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ የሚሰበሰቡ ወጣት አንባቢዎች ስለ አንድ አዲስ ልብ ወለድ እንድናገር ጋበዙኝ። መጽሐፉ የጠላትን ወረራ ዘመን በደብዳቤዎች የሚተርክ ነው፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላዋ ትመልሳለች፣ አንባቢውም የሰው ፖስታ እንደ ከፈተ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይከተላቸዋል። በጥንቃቄ አንብቤ፣ በጥንቃቄ ማስታወሻ ይዤ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ግን አንዲት ልጅ፣ «አባባ፣ እርስዎ በኛ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ አንብበው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ማስታወሻዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

የነገርኳቸውን እዚህ እደግመዋለሁ። አስቀድሜ ግን ማስጠንቀቅ ይገባኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር፣ የዓይን ምስክር የተናገረው ሁሉ ሳይመረመር እንዳይታመን ስወተውት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ራሴን ከዚህ ሕግ ነፃ ላወጣ አልችልም። ነገሩ የሆነበት ሱቅ ዛሬ የለም። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ታች ሲወረድ በግራ በኩል ነበር እላለሁ፤ በቅርቡ ሄጄ ሳይ ሰፈሩ በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘሁትና፣ ግራ ይሁን ቀኝ መማል አቃተኝ።

ሱቁ የልብስ ስፌት ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ሙላቱ ከአምሳ ዓመት ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ከአፋቸው እስፒል የማይለዩ ሰው ነበሩ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ስለነበረችና እኛ ልጆች ስድስት ስለነበርን፣ ጋሽ ሙላቱ በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንዳጠና ፈቅደውልኝ ነበር። ከጥናቴ በኋላ ደግሞ ለእሳቸውና ለሠራተኛቸው ለሽፈራው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። መጀመሪያ ጋዜጣ ነበር። በኋላ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ተውሼ ያን መጽሐፍ አመጣሁ። ሽፋኑ የተገነጠለ ስለነበር ርእሱን ያኔም በትክክል አላውቀውም። በላይነህ የሚባል አርበኛ ከዱር፣ ባለቤቱ አጸደ ደግሞ ከዚሁ ከአራዳ የሚጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች የያዘ ልብ ወለድ ነበር፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ በተራ ቁጥር ይጀምራል።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ፋሲካ ዘግይቶ የዋለበት ዓመት ይመስለኛል። የበልጉ ዝናብ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ቁልቁለቱን ያጥበዋል። በሱቁ ውስጥ የእርጥብ ጨርቅ፣ የከሰል ካውያና ሽፈራው በሰሐን ይዞት የሚመጣው የሱፍ ፍትፍት ሽታ ይደባለቃል። ሽፈራው በአራዳ ልጅነቱ የሚኮራ፣ ምላሱ ከመቀሱ የፈጠነ ሰው ነበር። «ተማሪው፣ ና ጉረስ! የፒያሳ ሰው ሱፍ ይለብሳል፤ እኛ የሰፊ ልጆች ግን እንበላዋለን» ይለኛል።

ለዛሬ ወጣቶች ማስረዳት የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር አለ። ያኔ ደብዳቤ የሚነበብለት ሰው ዝም ብሎ አይሰማም ነበር። በአብዛኛው ቤት አንባቢው አንድ ነው፤ ሌላው ዙሪያውን ተቀምጦ፣ ጸሐፊው ከፊቱ የቆመ ይመስል ሰላምታውን ይመልሳል። ጋሽ ሙላቱና ሽፈራውም ልብ ወለድ መሆኑን እያወቁ ልማዱን አልተዉም። እኔ፣ «ውድ ባለቤቴ አጸደ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብዬ ሳነብ፣ ሽፈራው የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ «እሰይ፣ እንኳን ደኅና ሆንክ ወንድሜ! ብርዱ እንዴት ይዞሃል?» ይላል። በአሥረኛው ደብዳቤ ላይ በላይነህ እግሩን ቆስሎ ሲጽፍ፣ ጋሽ ሙላቱ ከልባቸው አዝነው፣ «ምነው ቁስሉን በጨው ውኃ ባጠበው» አሉ።

መጽሐፉን አስቀድሜ ማታ ማታ ብቻዬን አነበው ነበር። ስለዚህ አሥራ አምስተኛው ደብዳቤ ምን እንደሚል ከእነሱ ቀድሜ ዐወቅሁ። ጋሽ ሙላቱም በወረራው ዘመን በዚያው ሱቅ፣ በዚያው መኪና የጠላትን ካኪ ይሰፉ እንደነበር ከእናቴ ሰምቼ ነበር። በግቢው ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሣውም። እኔ ደግሞ ያን ጊዜም ጠንቃቃ ነበርኩ። ጥንቃቄ የምለው ግን አንዳንዴ ፍርሃት መሆኑን አሁን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ደብዳቤውን ልዘለው ወሰንኩ።

ተራው በደረሰበት ቀን ሱቁ ውስጥ ግራዝማች ተሰማ ነበሩ። አምስቱን ዓመት በዱር የተዋጉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ አርበኛ ናቸው። ለሚያዝያ ሃያ ሰባት የድል በዓል የሚለብሱት ካፖርት ይለካላቸው ነበር። ካፖርቱ በነጭ ክር ለጊዜው ተያይዞ፣ አንድ እጅጌ ብቻ ገብቶለት፣ ሌላው ትከሻ በእስፒል ተወጥሮ፣ ግራዝማች ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ጋሽ ሙላቱ፣ «ቀጥል ተማሪው፣ ግራዝማችም ይስሙ» አሉኝ።

«አሥራ ስድስተኛ ደብዳቤ» ብዬ ጀመርኩ።

ጋሽ ሙላቱ ዞር አሉ። «ትናንት ያቆምነው አሥራ አራት ላይ ነው።»

«አሥራ አምስተኛው... ገጹ ተቀዷል።»

እሳቸው ግን መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ገለበጡት። ቁጥር ያነባሉ፤ ንባባቸው ዝግ ያለ ቢሆንም ፊደልም ያውቃሉ። ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩና መለሱልኝ። «አልተቀደደም። አንብበው።»

አነበብኩት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ ብል እዋሻለሁ፤ አጸደ ለባሏ የጻፈችው ግን ወደዚህ የቀረበ ነበር፦ «በአራዳ በኩል ሳልፍ የሰፊዎቹን መኪና ድምፅ ሰማሁ። የጠላትን ልብስ ይሰፋሉ። በላይነህ ሆይ፣ ያንተን ደረት የሚበሳው ጥይትና የእነዚህ ሰዎች መርፌ ለእኔ አንድ ናቸው። አንድ ቀን ትመለሳለህ፤ ያን ቀን ልጆቻቸው የአባታቸውን ሥራ ሲጠየቁ መልስ ይጥፋቸው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዝናብ ነበረ እላለሁ፤ ምናልባት ጸጥታው ኋላ በሐሳቤ ዝናብ ሆኖብኝ ይሆናል። ጋሽ ሙላቱ፣ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት።

ሽፈራው ነገሩን በሣቅ ለማሳለፍ ሞከረ። «ሴትዮዋ የኛን ቤት አታውቀውም! ግራዝማች፣ ጋሽ ሙላቱ እኮ ለጠላት ሲሰፉ በገበሩ ውስጥ ለአርበኞች ወረቀት እየደበቁ ይልኩ ነበር። ታሪክ ነው!»

«ማን ነው ያለህ?» አሉት ጋሽ ሙላቱ።

«ያው... ሁሉም ሰፊ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሁሉም ካለ እንግዲያስ ይበቃል፤ እኔ አልጨምርበትም።» እስፒሉን ከአፋቸው አውጥተው በባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ያለ እስፒል ሲናገሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ወረቀት አልደበቅሁም። ያዘዘኝም፣ የጠየቀኝም የለም። ካኪ ሰፍቻለሁ፣ ሱሪም ኮትም። ክሩ እንዲበጠስ አድርጌም አልሰፋሁም፤ አበላሽቶ መስፋት አላውቅበትም።»

ግራዝማች ክንዳቸው እንደ ተዘረጋ ነበር። «ይህንን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም። ዛሬ ልጁ አነበበው፣ መለስኩልዎት።»

«ለምንስ ሰፋህላቸው?»

«ልጆቼ ይበሉ ነበራ።»

«የእኔዎቹ አልበሉም» አሉ ግራዝማች። ድምፃቸው አልጨመረም፤ እንዲያውም ዝቅ ያለ ይመስለኛል። «ሁለቱን ቀብሬያለሁ፣ ሙላቱ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ፊት ለፊትዎ ቆሜ የማልዋሸው።»

«ባንዳ ብዬ ብጠራህስ?»

«ይጥሩኝ፤ አፍዎን አልይዝም። እኔ ግን በዚያ ስም ራሴን አልጠራም። ጠመንጃ ይዤ መንገድ አልመራሁም፣ ጎረቤት አልጠቆምኩም። አርበኛ ነበርኩም አልልም። ሰፊ ነበርኩ። አሁንም ሰፊ ነኝ።» ከዚያም እስፒሉን መልሰው አነሡ። «ክንድዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ።»

ግራዝማች ክንዳቸውን አወረዱ። ካፖርቱን ራሳቸው ሲያወልቁ እስፒሉ ወጋቸው፤ ከአንገታቸው በታች በሸሚዛቸው ላይ ትንሽ ደም አየሁ። ጨርቁን በባንኮኒው ላይ ጥለው ወጡ።

ሽፈራው ሊያብድ ደረሰ። «ጋሽ ሙላቱ፣ ምን ሆኑ? በሰፈሩ የእሳቸውን ቃል የሚያልፍ ማን አለ? ነገ በዚህ በር የሚገባ ሰው ያገኛሉ? አንዲት ቃል! አዎ ደብቄያለሁ ቢሉ ምን ነበረበት?»

«በሩ ክፍት ነው፤ የሚገባ ይግባ።»

እኔም እንባዬ መጥቶ፣ «ይቅርታ ጋሽዬ፣ መዝለል ነበረብኝ» አልኩ።

«ዘለህ ነበርኮ። ያ ነው ጥፋትህ» አሉኝ። ከወንበራቸው ተቀምጠው የቀረውን እጅጌ አነሡ። «አሁን አሥራ ስድስተኛውን አንብብ።»

ያም የአጸደ ደብዳቤ ነበር፤ እንደ ወትሮው በሰላምታ ይጀምራል። ሽፈራው አኩርፎ አፉን ዘጋ። ሰላምታውን የመለሱት ጋሽ ሙላቱ ናቸው፤ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ፣ «እንኳን ደኅና ሆንሽ እቴ» አሏት።

በማግስቱ ካፖርቱ ሁለት እጅጌ ኖሮት፣ ተተኩሶ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው በመስኮቱ ላይ ተሰቀለ። ሽፈራው ወደ ውስጥ ሊያስገባው ቢለምን ጋሽ ሙላቱ እምቢ አሉ። ሽፈራው እንደ ፈራውም ሆነ፤ ለፋሲካ ልብስ ያዘዙ ደንበኞች እየመጡ ጨርቃቸውን መለሱ። አንዱ መጥቶ፣ «እውነት ነው የሚባለው?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «እውነት ነው። ሱሪህን ላጥብብልህ ወይስ ትወስደዋለህ?» አሉት። ሱሪውን ወሰደ።

ከቀናት በኋላ መስኮቱ ባዶ ነበር። ግራዝማች ይምጡ ሰው ይላኩ አላውቅም፤ ጋሽ ሙላቱ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። በበዓሉ ዕለት ከእኅቴ ጋር ቆሜ ሰልፉን ስመለከት፣ ግራዝማች ያንን ካፖርት ለብሰው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው ሲያልፉ ያየሁ ይመስለኛል። እኅቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ፣ በአሮጌ ጃኖ ነበሩ እያለች ትሟገተኝ ነበር። ሁለታችንም ምስክሮች ነን፤ ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል።

ይህን ተርኬ ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠ ጨዋ ልጅ እጁን አንሥቶ፣ «አባባ፣ ግን ጋሽ ሙላቱ አርበኞቹን በስውር ይረዱ ነበር፣ አይደል? ለትሕትና ብለው ደብቀውት ይሆናል» አለኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁለት። ለጋሽ ሙላቱ አዝኖላቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ለብዙ ዓመታት፣ ይህን ታሪክ በነገርኩበት ሁሉ፣ አንድ ደግ ሰው ይህንኑ ጠይቆኛል።

አይደለም አልኩት። በሰልፉ ያየሁትን ካፖርት እጠራጠራለሁ፤ ዝናቡንም፣ ሱቁ የነበረበትን ጎንም እጠራጠራለሁ። ያን ዕለት ግን ለጋሽ ሙላቱ የተሻለ ያለፈ ዘመን ከሽፈራው አፍ በነፃ ቀርቦላቸው ነበር፤ ያውም ከማንም በላይ በሚያስፈልጋቸው ሰው ፊት። አልቀበልም አሉ። ዛሬ እሳቸው ሞተው፣ እምቢ የሚሉበት አፍ በሌላቸው ጊዜ፣ እኔ በግድ አላሸክማቸውም።