ቀዩ መብራት በርቶ፣ አባቴ ቆሞ

አባቴ ከሥራዬ ሊያስወጣኝ የተነሳ ጊዜ፣ ጎንደር አዘዞ ላይ የተሳፈረው በእኔው አውሮፕላን ነበር። የበረራ አስተናጋጅ ከሆንኩ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ጎንደር ውስጥ ግን ወሬዬ ከእኔ ቀድሞ ይበር ነበር። «ልጅቱ ሰማይ ላይ ለማታውቀው ወንድ ሁሉ ሻይ ታቀርባለች» ይባላል። ይህን ከአባቴ ጆሮ ያላደረሰ ጎረቤት አልነበረም። አባቴ ደግሞ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ወሰን የሚያካልል ሽማግሌ ነውና ሳያይ አይፈርድም።

«አይቸ ነው የምፈርድ» አለኝ በዋዜማው። «አዲሳባ አጎትሽ ይጠብቀኛል። ካልወደድሁት የአየር መንገዱ ቢሮ ድረስ ሄጀ ከሥራው አሰናብቸሽ አብረን እንመለሳለን።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሥራዬን ግን እወደው ነበር። ጣና ከላይ ሲታይ ልቤ በደስታ ይዘል ነበር፤ ያን ደስታ ለቤተሰቤ በምን ቋንቋ እንደምነግራቸው አላውቅም ነበር እንጂ።

የእኛ አገር ሰው አውሮፕላን ሲሳፈር ማየት ራሱን የቻለ ሠርግ ነው። አንዱ በገባ ቁጥር የተቀመጠው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ይነሳል፣ የገባው «በእግዜር!» ይላል፣ ከዚያ የከብቱ፣ የአዝመራው፣ የልጁ ደህንነት ይጠየቃል። እኔ ያስቀመጥኩትን ቀጥሎ የገባው ያስነሳብኛል። ያን ቀን ሁሉንም ቦታ ቦታ አስይዤ አባቴ ዘንድ ስደርስ፣ ኩታውን ደርቦ፣ ቀበቶውን በሁለት ጣቱ እንደ እባብ አንጠልጥሎ ያየዋል።

«አባየ፣ ይህን መታጠቅ ያስፈልጋል።»

«እኔ ሳልታጠቅ ከቤቴ ወጥቸ አውቃለሁ?» ብሎ ኩታውን ገለጥ አድርጎ ድጉን አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ ወገቡ ላይ የተጠመጠመው ድግ ከአውሮፕላኑ ቀበቶ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከኋላው የተቀመጠው የኮሶዬ ገበሬ፣ «አያ፣ ያኛው ለእርስዎ ነው፣ ይሄኛው ለወንበሩ ነው» ቢለው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ሳይስቅ ታጠቀ። ከአብራሪዎቹ በር በላይ ያለችውን ቀይ መብራት አሳየሁትና፣ እሷ ስትበራ ማንም ከመቀመጫው እንደማይነሳ ነገርኩት።

ጉዞው እስከ ዓባይ ሸጋ ነበር። ሻይ ሳድል አባቴ ዓይኑን ከእጄ አልነቀለም። ማን ምን እንዳለኝ፣ እኔ ምን እንደመለስኩ ያዳምጣል። ፊቱ ላይ ግን ምንም አይነበብም። ሽማግሌነት የለመደ ፊት እንዲህ ነው፤ ፍርዱን ሳይጨርስ አያሳይም።

ዓባይ ሸለቆ ላይ ስንደርስ ነፋሱ አውሮፕላኑን ይንጠው ጀመር። ቀዩዋ መብራት በራች። ልክ ያኔ አንድ ከእንፍራንዝ የመጡ ሽማግሌ ቄስ ቀበቷቸውን ፈትተው ብድግ አሉ። በግራ እጃቸው የወንበሩን ጀርባ ጨብጠው፣ በቀኛቸው መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «ተንሥኡ ለጸሎት!» አሉ።

እና ተነሱ! ማን ይቀራል? ተነሡ ተብሎ የሚቀመጥ ክርስቲያን የት አለ? ቀበቶው ሁሉ ተፈታ፤ «እግዚኦ ተሣሃለነ!» ብሎ አውሮፕላን ሙሉ ሰው ቆመ። ከሁሉም ቀድሞ የቆመው አባቴ ነው። አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ ይደጋገፉና ደግሞ ይቆማሉ። አብራሪው፣ ፈረንጅ ነበር፣ በሩን ከፍቶ ያን የቆመ ጉባኤ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። በእንግሊዝኛ ጮኾብኝ ተመለሰ።

«እባካችሁ ተቀመጡ!» አልኩ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። «ምነው አንች! በጸሎት መሀል ተቀመጡ ይባላል?»

አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ዝም ብል ሰው ሊፈነከት ነው፤ ብናገር ጸሎት ያስታጎለች ልጅ ሆኜ ቤቴ መግባቴ ነው። ከዚያ ንዴት መጣብኝ፤ ንዴት ሲመጣብኝ ደግሞ ጭንቅላቴ ይሠራል። ስናርፍ ጆሯቸው እንዳይደፈን የምናድለውን የከረሜላ ትሪ አነሳሁና፣ ወንበር ለወንበር እየተያያዝኩ ቄሱ ፊት ቀረብኩ።

«አባ፣ ይባርኩልኝ።»

እህል ውሃ ቀርቦለት ሳይባርክ የሚያልፍ ቄስ በአገራችን የለም። አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፣ ባረኩ፤ ሰዉ አሜን አለ። እኔም ከአሜኑ ሥር ሥር፣ «የተባረከ ነው፤ ቆሞ አይበላም፤ ሳይታጠቁም አይሰጥም!» አልኩ።

ቄሱ አዩኝ፤ ትሪውን አዩት። «እውነቷን ነው» አሉና ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሁሉም ተቀመጠ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ ቀበቶው ከፊት እስከ ኋላ። እንደዚያ ቀን ያማረ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

አባቴ ዘንድ ስደርስ በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ አቀረብኩለት። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለ። ያ ኮስታራ ሰው ጉንጩ በከረሜላ ተነፍቶ፣ አውሮፕላኑ በዘለለ ቁጥር «እግዚኦ» ሲል፣ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ሳቅኩ። ከኮሶዬው ገበሬ በቀር ያየኝ የለም። እሱም ሳቀና ሁለተኛ ከረሜላ ለመነኝ።

አዲስ አበባ አረፍን። የመጨረሻውን መንገደኛ አሰናብቼ ስወርድ፣ አባቴና አጎቴ ከማኪናው አጠገብ ቆመዋል። አጎቴ በሩን ከፍቶ፣ «በሉ ይግቡ፤ ቢሮው ሳይዘጋ እንድረስ» ይላል።

«ቢሮ ምን ልሠራ?» አለ አባቴ።

«ልጅቱን ሊያሰናብቱ አልነበር?»

አባቴ ኩታውን አስተካከለና ወደ እኔ ዞረ።

«አንች፣ ወደ ጎንደር የምትበሪ መቼ ነው?»

«ሐሙስ ነው፣ አባየ።»

«እንግዲያ የእኔም መመለሻ ሐሙስ ይሁን» አለና አጎቴን በሩን እንደያዘ ትቶ ማኪናው ውስጥ ገባ።