አጥጋቢ ቅዝቃዜ

በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌርም መካኒክም ሆኜ ሠርቻለሁ። የያዝኳት ያረጀች ቫን ነበረች። በአካባቢው ካሉት መኪኖች ሁሉ ኤር ኮንዲሽን ያላት እሷ ብቻ ናት ተብሎ ይወራ ነበር፤ ወሬውን የሚነዛው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ራሱ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ማቀዝቀዣው ጋዙን ከጨረሰ ቆይቷል። ጋዝ ደግሞ ጂንካ አይገኝም። ቢሆንም ሰኞ ሰኞ ምርመራ አለ። ቺንጋውን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ መላላቱን አያለሁ፣ ከራዲያተሩ ፊት የተሰገሰገውን ሣርና አቧራ በውሃ አጥባለሁ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ቴርሞሜትር እሰካለሁ። ቴርሞሜትሩ ሽቅብ ይወጣል። እኔም ቅጹ ላይ «ቅዝቃዜው አጥጋቢ ነው» ብዬ እፈርማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «አያቀዘቅዝም» ብዬ ጽፌ ነበር። ኃላፊው አስጠራኝና፣ «ጓድ፣ እንዲህ ከጻፍክ ለጥገና ብለው አርባ ምንጭ ይወስዷታል፤ ከዚያ በእግርህ ነው የምትሄደው» አለኝ። በእግርህ ይበል እንጂ የሳሳው ለራሱ እግር ነው።

ሰውዬው ማስመሰል ይችልበታል። ቆላ ስንወርድ መስኮት አያስከፍትም፤ ከተከፈተ ማቀዝቀዣ እንደሌለን ይታወቃላ! ላቡ በአንገቱ እየወረደ ኮቱን ይደርባል። መንደር ስንደርስ ይወርድና እጆቹን እያፋተገ፣ «ኧረ ይህች መኪና በብርድ ልትገድለኝ ነው!» ይላል። እኔ ከኋላው ሸሚዜን እጨምቃለሁ። በልቤ እስቅበት ነበር፤ ፊርማው የማን እንደሆነ ግን ረስቼው ነበር።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ነርስ ቢሯችን መጣች። ቆላው ወይጦ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ለኩፍኝ ክትባት ይዘው እንዲወጡ ተነግሯቸዋል። የጤና ጣቢያው መኪና ተበላሽቷል፤ የክትባት ሳጥኑም ክዳኑ ተሰንጥቆ በረዶው ቶሎ ይቀልጣል። ክትባቱ ከሞቀ ደግሞ ልጁን በከንቱ መውጋት ነው።

«ምን ችግር አለ! የእኛን መኪና ውሰጂ፤ ፍሪጅ ማለት ናት» አለ ኃላፊው፤ እኔ የፈረምኩትን ቅጽም አውጥቶ አሳያት።

እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ታቀዘቅዛለች? ካላቀዘቀዘች ሳጥኑን እስካስጠግን ቀጠሮውን አስተላልፋለሁ።»

ኃላፊው አፍጥጦ ያየኛል። «አጥጋቢ ናት፣ ሲስተር» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወጣን። ሳጥኑን እግሯ ሥር አድርጋ መዳፏን አየር ማውጫው ላይ ደቀነች። «ትኩስ ነው እኮ!»

«መጀመሪያ ላይ እንዲህ ናት፤ ስትቆይ ነው» አልኳት። አፌ ለምዶታል።

ቀይ አፈር ከተማን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሆዴ አልችል አለ፤ የጋዙንም የፊርማውንም ነገር ዘከዘክሁት። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የመስኮቶቹን መስታወት ዝቅ አደረገች፣ ነጠላዋን በውሃ አርሳ ሳጥኑን ሸፈነችና፣ «ንዳ» አለችኝ። መንገዱ የፈቀደልኝን ያህል ነዳሁ። የቆላው ነፋስ ግን ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር።

ወይጦ፣ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ይጠብቁናል። ብዙዎቹ ከሩቅ በእግራቸው የመጡ ናቸው። ነርሷ ሳጥኑን ከፈተች፣ ጣቷን በረዶው ቀልጦ በሆነው ውሃ ውስጥ ነከረች፣ መልሳ ዘጋችው።

«በዚህ አንድም ልጅ አልወጋም» አለች። «አንተ ንገራቸው።»

እዚያው ባገኘነው አስተርጓሚ በኩል፣ «ክትባቱን ሙቀት አበላሸው፤ ሌላ ቀን እንመጣለን» አልኩ። እዚያም ቆሜ ጥፋቱን በፀሐይ አላከክሁ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት እናት የልጇን ዓይን በመዳፏ እንደከለለች አንድ ነገር ተናገረች።

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። «ወይጦ እንደሚሞቅ አታውቁም ነበር ወይ? ትላለች» አለኝ።

እናትየዋም መልስ ሳትጠብቅ ልጇን አዝላ በዚያ ፀሐይ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።