ደጋን ላይ ፀሐይ የሞቁት ባትሪዎች

ባለፈው ሳምንት እሁድ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ደጋን ከተማ አንድ ሰርግ ቤት... የካሜራ ባትሪዎቼን ካስቀመጥኩበት አጣኋቸው።

ከደሴ የወረድኩት በሙሽራዋ እናት አደራ ነው። እናትየዋ ሳውዲ ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇን የዳረችውም እሷ፣ ሰርጉን የማታየውም እሷ። አገሯን ከረገጠች ስምንት ዓመቷ ነው። «በስልክ የሚቀርጸውማ ይሞላል፤ አንቺ በደህና ካሜራ ቅረጪልኝ» ነው ያለችኝ።

በባትሪ ነገር ደግሞ እኔ ችኮ ነኝ። አንዴ ርካሽ ባትሪ ቻርጅ ላይ እንዳለ ነዶ ጠረጴዛዬን አቃጥሎብኛል። ከዚያ ወዲህ ለካሜራው የተሠራውን እንጂ ተመሳሳዩን አልገዛም። ሦስት ደህና ደህና መለዋወጫ ይዤ ነበር፤ ልሞላቸው ስል መብራት ሄደ።

ስፈልጋቸው የሙሽራዋ አያት፣ የእናትየዋ አባት ሸህ ይመር እየሳቁ መጡ።

«አብሽሪ ልጄ፣ እኔ እየሞላሁልሽ ነው።»

«በምን?»

«በፀሐይ!»

ሮጥኩ። ጓሮ ቆርቆሮ ላይ ተደርድረዋል። ሸህ ይመር ዕድሜ ልካቸውን የራዲዮናቸው ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጡ ነፍስ ሲዘሩበት ኖረዋል... ለኔም ያንኑ ደግነት አደረጉልኝ። የደጋን ፀሐይና የጋለ ቆርቆሮ ግን የኔን ባትሪ አልማሩትም። ሁለቱ እንደ ዳቦ ተነፍተዋል፣ ሦስተኛው እጅ አያስነካም።

የሙሽራዋ አጎት ደረሰ።

«ገፋ አርገሽ አስገቢው፣ ይሠራል።»

«ያበጠ ባትሪ አላስገባም። ቢፈነዳ ዳሱ ሙሉ ሰው ነው።»

ሦስቱንም በወፍራም ጨርቅ ይዤ አፈር የሞላ ብረት ድስት ውስጥ አደረግኳቸውና ከሰው አራቅኳቸው። ሸህ ይመርን «ልጆች እንዳይጠጉት» አልኳቸው።

አጎትየው በባጃጅ ኮምቦልቻ ደርሶ ሌላ ባትሪ ይዞ መጣ። ተቀብዬ በእጄ መዘንኩት። የተጻፈበት ቁጥር የኔን እጥፍ ይላል፣ ክብደቱ ግን የኔን ግማሽ አይሞላም። ማን እንደሠራው እንኳ አልተጻፈበትም።

«ወላሂ ኦርጅናል ነው ብሎኛል ባለሱቁ!»

«የማለው ባለሱቁ ነው፤ ባትሪው አልማለም።»

«እንግዲያ እህቴን ምን ልበላት? ቀራጭዋ ባትሪ ስትመርጥ ሰርጉ አለፈ ልበላት?»

ቆሽቴ አረረ። ግን ንቅንቅ አላልኩም።

«ካሜራው ውስጥ ያለው ግማሽ ይቀረዋል። በሱ እጨርሳለሁ» አልኩት።

ስክሪኑን አደበዘዝኩ። አጃቢ ተውኩ፣ የመኪና ሰልፍ ተውኩ፣ ትሪ ተሸካሚ ተውኩ። ሙሽራዋን ብቻ! ስትስቅ እከፍታለሁ፣ ዝም ስትል አጠፋለሁ። እንዲህ እየቆጠብኩ ዋልኩ።

ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ቀይዋ ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ያኔ ሙሽራዋ ቆመች።

«አባባስ? ሳይመርቁኝ አልሄድም።»

ሸህ ይመር ጓሮ ናቸው። ከቀትር ጀምረው ከድስቱ ራቅ ብለው ተቀምጠው፣ በምርኩዛቸው ልጅ ሲያባርሩ ውለዋል። እኔ እኮ ረስቻቸዋለሁ!

«አባባ፣ ይነሱ እንጂ!» አለቻቸው።

«አልነሳም። ያጠፋሁት እኔ፣ የምጠብቀውም እኔ።»

ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ እዚያው ተንበረከከች። ካሜራዬን ከፈትኩ። እጃቸውን አናቷ ላይ አድርገው መረቋት። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሩ።

«ልጄ... ባትሪውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ይችን ቀራጭ ልጅ እንዳትቆጪያት። እኔ ደህና ነኝ። አንቺ ብቻ ነይ።»

ካሜራው ጠፋ።

ማክሰኞ የቀረጽኩትን ለእናትየዋ ላኩላት። ፈርቼ ነበር፤ ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ደወለች። ስለ አጃቢውም ስለ መኪናውም አንድ ቃል አላነሳችም።

«አባቴ እንዲህ ሸብቷል እንዴ?» አለችና... ለቅሶው ቀደማት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ካሁን በኋላ ሰርግ ቤት ስገባ መጀመሪያ የቤቱን ሽማግሌ እቀርጻለሁ... ቀጥዬ ባትሪዬን እቆልፋለሁ።